የትምህርት ቤቱን ጎመን ቅዳሜ ማን ያጠጣል?

በሰፈራችን ያለው የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጓሮ አትክልት የጀመረ ዕለት ሠላሳ የምንሆን ወላጆች ወጥተን ነበር። አንዱ ዶማ ሲያነሳ ሌላው ስልኩን ያነሳል፤ ፎቶው ማታውኑ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ፣ ጭብጨባውም በዛ። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት የልጄን የጠፋ ሹራብ ፍለጋ ብቅ ስል ቆስጣው አንገቱን ደፍቷል። ጥበቃው ጋሼ ብቻቸውን በቲማቲም ጣሳ ከበርሜል እየቀዱ አንድ አንዱን ሥር ያጠጣሉ። ሲያዩኝ ሳቁና «ሠርጉን አብረን በላን፣ ዕቃ አጣቢው ግን እኔ ብቻ ቀረሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት በጓሮው ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። የትምህርት ቤት ጓሮ የሚሞተው በአፈር ወይም በዘር ጉድለት እንዳይመስላችሁ። የሚሞተው ልጆቹ በሌሉበት ቀን ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከአተካከሉ ይልቅ ስለ ሰዉ ብዙ ይናገራል። ቀኖቹና አትክልቶቹ ለአዲስ አበባና ለመሰል ወይና ደጋና ደጋ ከተሞች የሚሆኑ ናቸው፤ ቆላ ያላችሁ ወራቱን እንደ አገራችሁ አስተካክሉ።

ከዶማ በፊት የቀን መቁጠሪያ

የግድግዳ ካላንደር አምጡና ተማሪ ግቢ ውስጥ የማይኖርበትን ቀን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡ። ቅዳሜና እሑዱ ብቻ 104 ቀን ነው። ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜን ያለውን ክረምት፣ ገናና ጥምቀትን፣ የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት፣ ስቅለትን፣ የኢድ በዓላትን ስትጨምሩ ከ160 ቀን ያልፋል። በእነዚህ ቀናት «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች ያጠጣሉ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም። ቀዩ ክብ ውስጥ የአዋቂ ስም መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ሰው የሚፈራው ሸክሙን ነው። ስትቆጥሩት ግን ቀላል ነው። መደበኛው ዝናብ ከሚያቆምበት ከጥቅምት እስከ ሰኔ መግቢያ ያለው 36 ሳምንት ያህል ነው። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ከተገኘ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው በዓመት ሦስት ቅዳሜ ብቻ ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. ለምሳሌ ኅዳር 6፣ ጥር 30 እና ሚያዝያ 24 ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ማለት ነው። ሰውን «እባካችሁ እርዱን» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እሺ» ይላችኋል፣ አይመጣም። ሦስቱን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። እምቢ የሚል እዚያው እምቢ ይላል፣ እሺ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይመጣል።

ደብዳቤውና ቁልፉ

ርእሰ መምህሩን ወይም ርእሰ መምህርቷን ብቻ በቃል ማስፈቀድ አይበቃም፤ በሁለተኛው ዓመት ሊቀየሩ ይችላሉ። ጉዳዩ በወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት (በወመተህ) ስብሰባ ላይ ቀርቦ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤም ይውጣ። ደብዳቤው ቦታው የት እንደሆነ፣ ስፋቱን፣ ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ምርቱ የማን እንደሆነ፣ በጎ ፈቃደኞች በየትኛው ቀንና ሰዓት መግባት እንደሚችሉ ይናገር። ሌላውን ተዉት።

ከዚያ ስለ ቁልፍ ተነጋገሩ፤ ሳትነጋገሩ እንዳትነሱ። የጓሮው አጥር፣ የዕቃ ሳጥኑ፣ የቧንቧው ክፍል፣ ሦስቱም ቁልፍ አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ሁለት ቅዳሜ በተከታታይ መጥታ የቧንቧው ክፍል ተቆልፎ አግኝታ ተመለሰች። በሦስተኛው አልመጣችም፤ እኔም አልፈርድባትም። አሁን ሦስቱም ቁልፎች በአንድ ቀለበት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸው ጥበቃ ቤት ተንጠልጥለዋል። የሚወስድ ሰው ደብተር ላይ ይፈርማል። መምህራን ቤት የቀረ ቁልፍ ከጠፋ ቁልፍ አይሻልም።

ሰው ከየት ይገኛል?

መጀመሪያ እድሩ። እድር ዘንድ ስም ዝርዝር አለ፣ ተራ ማስጠበቅ የለመደ ጸሐፊ አለ፣ ዶማና አካፋ፣ በርሜልና ድንኳን አለ። በወር ስብሰባው ዕለት ለዳኛው አስቀድማችሁ ነግራችሁ አምስት ደቂቃ ለምኑ። ገንዘብ አትጠይቁ። የእድር ሰው ገንዘብ ሲባል ፊቱን ያዞራል፣ ልክም ነው፤ የእድር ገንዘብ የለቅሶ ነው። «የአንድ ቅዳሜ ደቦ ለመደብ ሥራ፣ ከዚያ ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ በተራ» በሉ። እኛ እንደዚያ ብለን ዘጠኝ ቤተሰብ አገኘን፣ ሦስቱ ልጅ እንኳ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ ገጠር ያደጉ ጡረተኞች። ማንም ስላልጠየቃቸው ብቻ ቤት የተቀመጡ ብዙ ናቸው። እኛ ጋ ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው አንድ ሰው አሉ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ያማቸዋል፣ ዶማ አይዙም። ወንበር ይቀመጥላቸውና አፈር በእጃቸው ጨብጠው ልጆቹን ያሳያሉ፦ ጨብጠህ ስትለቀው እንደ ጭቃ ከቀረ ውኃ አታጠጣ፣ እንደ ዱቄት ከፈሰሰ አጠጣ፣ ተሰባብሮ ከወደቀ ልክ ነው። ይህችን ፈተና የሦስተኛ ክፍል ልጅ ዛሬ ከእኔ ይበልጥ ያውቃታል። ለእንዲህ ያለ ሰው ጉልበት የማይጠይቅ ሥራ ማዘጋጀት የአስተባባሪው ፈንታ ነው።

ሦስተኛ፣ የምገባ ወጥ ቤት እናቶች። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይበስላል። ስለዚህ በየግቢው ስለ አትክልት የሚያውቅ፣ በየቀኑ የካሮትና የድንች ልጣጭ የሚጥል ሰው አለ ማለት ነው። ተጨማሪ ሥራ ግን አትጫኑባቸው፤ ከንጋት ጀምሮ ቆመው የሚውሉ ናቸው። ልጣጩን ለይተው በአንድ ባልዲ ቢያስቀምጡ፣ አትክልት ያጠቡበትን ውኃ በበርሜል ቢያኖሩ በቂ ነው። ሳሙና የነካው ዕቃ የታጠበበት ውኃ እንዳይቀላቀል ብቻ ተስማሙ።

የወረዳው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም አለ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ሂዱ። ባለሙያ መጥቶ ቦታውን እንዲያይ ጠይቁ፣ ችግኝ ካለም ተመዝገቡ። ሲገኝ መልካም፣ እሱን እየጠበቃችሁ ግን ወቅቱ አይለፋችሁ።

ቦታና ስፋት፦ በጀሪካን ቁጠሩት

ትልቁ ስሕተት ስፋት ነው። ግቢው ሰፊ ስለሆነ ሁሉ ይቆፈራል፣ ከዚያ ውኃ ይጠፋል። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን አምስት ሊትር ያህል ይጠጣል ብላችሁ አስቡ። አንድ ሜትር በአምስት ሜትር የሆኑ አራት መደቦች 20 ካሬ ይሆናሉ፤ 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በቀን። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን መሙላት የምትችሉ ከሆነ አራት መደብ ሥሩ። ካልሆነ ሁለት። ለምቶ የታየ ሁለት መደብ ደርቆ ከቀረ አሥር መደብ ይልቅ ሰው ይጠራል።

ሮቶ ካለ ከጣሪያ የሚወርደውን ውኃ ያዙ። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ የሚፈሰው ወደ 1,000 ሊትር ይጠጋል፤ ሲባክን ሲባክን 800 ይተርፋችኋል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ያጥባልና አፍስሱት። ከከተማዋ ወንዞች፣ በተለይ ከአቃቂና ከገባሮቹ ውኃ ቀድቶ ጎመን ማጠጣት ግን አይታሰብም፤ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ገብቶባቸዋል፣ የሚበላውም ሕፃን ነው።

ቦታው ፀሐይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት የሚያገኝ፣ ከመጸዳጃ ቤት የራቀ፣ ከባሕር ዛፍም የራቀ ይሁን። ባሕር ዛፍ ሥር የሚለመልም አትክልት የለም። አንድ ጉድጓድ በአካፋ ቆፍሩና እዩ። የከተማ ትምህርት ቤት ግቢ አብዛኛውን ጊዜ ከሣሩ በታች የብሎኬት ስባሪ ነው። ፍርስራሽ ከሆነ አትድከሙ፤ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አፈርና ብስባሽ ሞልታችሁ ጎን ጎኑን ቀዳችሁ ቆስጣ ትከሉበት፣ አንዱ ከረጢት እስከ ሃያ ችግኝ ይይዛል።

መደብና ተከላ

መደቡ ከአንድ ሜትር አይስፋ። የአንደኛ ክፍል ልጅ ከሁለቱም በኩል ተንጠራርቶ መሃሉን መንካት አለበት፤ ካልደረሰ ይረግጠዋል። በመደቦች መካከል 50 ሴንቲ ሜትር መንገድ ተዉ። ለመጀመሪያው ዓመት ቆስጣ፣ ሐበሻ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር በቂ ነው። ቆስጣ ከተዛወረ በኋላ በሁለት ወር ገደማ ቅጠሉ ይቆረጣል። ካሮት ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ ዘሩ በቦታው ይዘራል እንጂ አይዛወርም፤ ሲበቅል በመካከሉ አምስት ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ አሳሱት። ጎመኑን በመስመር 40፣ በችግኝ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር አድርጉ። ቲማቲም ለልጆች ያጓጓል፣ ከኅዳር እስከ ጥር በሚመጣ ውርጭ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አልመክረውም።

መድኃኒት አይረጭም። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ሲወጣ ቅጠሉን በቀጭን የሳሙና ውኃ ማጠብ፣ ትሉን በእጅ መልቀም። ትል ለቀማ ከመደበኛው ትምህርት ይልቅ የሚወደድ ክፍለ ጊዜ መሆኑን ስታዩ ትገረማላችሁ።

ተራው በሥራ ላይ

የተራው ዝርዝር አንዱ በጥበቃ ቤት በር፣ አንዱ በቴሌግራም ግሩፕ ይለጠፍ። አስተባባሪው ሐሙስ ማታ ለባለተራው ይደውላል። መልእክት አይበቃም፣ ይደወል። ያልተመቸው ተተኪውን ራሱ ይፈልጋል፤ አስተባባሪው ተተኪ መፈለግ ከጀመረ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉንም ቅዳሜ እሱ ያጠጣዋል። ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ አንድ ሰው «እንደ እድሩ በቀረ ሰው ላይ ቅጣት እንጣል» አለ፣ 50 ብር ተወሰነ። አንድ አባት ቀረ፣ 50 ብሩን ላከ፣ በሚቀጥለውም ቀረ፣ 50 ብሩን ላከ። ለሱ ረከሰለት፤ ጎመኑ ግን ብር አይጠጣም። ቅጣቱን በወሩ አነሳነው። አሁን ያለን ደንብ ይህ ብቻ ነው፦ ሳያሳውቅ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ስሙ ያለ ወቀሳ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ሲመቸው ይመለሳል።

ለባለተራው የሚሠራው በአንድ ካርቶን ላይ ተጽፎ በዕቃ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ፦

1. ከደብተሩ ፈርመህ ቁልፉን ውሰድ።
2. አፈሩን ጨብጠህ እይ። እርጥብ ከሆነ አታጠጣ።
3. ደረቅ ከሆነ ለእያንዳንዱ መደብ አንድ ጀሪካን ከሩብ፣ ከሥር ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይደለም።
4. የተበላ ወይም የቢጫ ቅጠል ካየህ ፎቶ አንሥተህ ለአስተባባሪው ላክ።
5. ዕቃውን ቆጥረህ ቆልፍ፤ ቁልፉን መልስ።

በመደቡ ላይ የደረቀ ሣር ካለበሳችሁ የቅዳሜው ውኃ እስከ ሰኞ ያደርሳል። አዲስ የተዛወረ ችግኝ ግን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ችግኝ የምታዛውሩት ሰኞ ይሁን፣ ከረጅም በዓል በፊትም አታዛውሩ።

ልጆቹ ሲኖሩ

አንድ ክፍል ስልሳ ልጅ ይዞ ጓሮ ከገባ ጦርነት ነው። በአንድ ጊዜ አሥራ አምስት፣ ከነሱም ጋር መምህሩና ሁለት በጎ ፈቃደኛ። ቀሪዎቹ ክፍል ውስጥ ወይም ዛፍ ሥር ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ጀሪካን ለትንንሾቹ ከባድ ነው፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱና ስጧቸው። ጠርሙሱ ሲጨመቅ እንደ ዝናብ ይወርዳል፣ ችግኙን አይነቅለውም። ዶማ ለአምስተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ፤ ሲቆፍሩ በሁለት መካከል ሦስት እርምጃ ይኑር።

ሁለት ነገር ላይ አትደራደሩ። በጎ ፈቃደኛ ማንም ይሁን ማን በር ላይ መታወቂያ አሳይቶ ይመዘገባል፤ መምህር በሌለበት ከልጆች ጋር ብቻውን አይሆንም። ይህን ሲሰሙ የሚቀየሙ ይኖራሉ፤ «እኔን?» ይላሉ። ደንቡ ለሁሉም ነው፣ ለአስተባባሪውም። ሁለተኛው እጅ መታጠብ ነው፤ በሳሙና፣ ከጓሮ ሲወጡ። ትኩስ እበት በቅጠላ ቅጠል መደብ ላይ አይደረግም፤ ሦስት አራት ወር ከልጣጭ፣ ከሣርና ከአፈር ጋር ተደራርቦ በደንብ የበሰበሰው ብቻ ይግባ። የብስባሹን ክምር ከመሬት በላይ አድርጉት፤ ጉድጓድ ከሆነ በክረምት ኩሬ ይሆናል።

ዕቃና ገንዘብ

አንድ ባለሱቅ አካፋና ባልዲ ሰጠን። በደስታ ለትምህርት ቤቱ አስረከብን፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆነ፣ ንብረት ክፍል ገባ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ለማውጣት ሞዴል 22 ያስፈልግ ነበር፣ ንብረት ክፍሉም ቅዳሜ ዝግ ነው። አካፋው ሳይቆፍር ስድስት ወር ተቀመጠ። የንብረት ሠራተኛው ጥፋት አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይኑር፦ ሮቶ፣ ቧንቧ፣ አጥር የመሳሰለው ቋሚ ነገር በወጉ ገቢ ይሁን፤ አካፋና ባልዲ ግን ከወላጅ ወይም ከእድር «በውሰት» ይምጣ፣ በቀለም ምልክት ይደረግበት፣ ዝርዝሩ በዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

ገንዘብ በተቻለ መጠን አትሰብስቡ። ዘር ካስፈለገ አንድ ሰው ዘሩን ገዝቶ ያምጣ። የግድ መዋጮ ከሆነ በትምህርት ቤቱ ፋይናንስ በደረሰኝ ይግባ፤ በአስተባባሪው የባንክ ሒሳብ አንድ ብር አይግባ። ሐሜት ከክሽክሽ ይብሳል፣ የሳሙና ውኃ የለውም።

ምርቱ ሲደርስ

ጓሮው ሲደርቅ ማንም አይጣላም። ሲለማ ነው ጠቡ። በእኛ ዘንድ በጥር ወር «ቆስጣው የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በግሩፑ ተነሣ፣ ሦስት ቀን ተነታረክን። እውነቱ ሲጣራ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሁለት እሥር ወስዳለች፤ አልደበቀችም፣ የከለከላትም አልነበረም። ሆኖም አፍራ ቀረች። ጥፋቱ ደንብ ያላወጣነው የኛ ነው።

ደንቡን ከመትከላችሁ በፊት አውጡ። የእኛ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ቆረጣ የልጆቹ ነው፣ ለምገባ ወጥ ቤት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በተራው ቅዳሜ የመጣ ሰው አንድ እሥር ቆርጦ በግልጽ ይወስዳል፣ ጥበቃውም እንደዚሁ። የቀረው ሁሉ ለወጥ ቤት ነው። አይሸጥም። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሸጦ ደብተር ይገዛል፣ ያም ደህና ነው፤ ሽያጭ ካለ ግን ደረሰኝም አለ፣ ሥራው ይበዛል። የተቆረጠው ሁሉ በወጥ ቤቱ ሚዛን ይመዘናል፣ ደብተር ላይ ይገባል፦ «ታኅሣሥ 8፣ ቆስጣ፣ 6 ኪሎ፣ ለወጥ ቤት፣ ፊርማ»። መዝጋቢዎቹ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ኪሎውን ደምረው በሰልፍ ላይ ያነባሉ፣ ያን ቀን ባለተራ የነበረውንም ቤተሰብ ይጠራሉ። ከተሰጠው ሰርተፊኬት ሁሉ ይልቅ ሰዎቹን ያቆየልን ይህ ነው።

ቆስጣ ስትቆርጡ የውጭ ውጩን ቅጠል ብቻ፣ ከመሃል አራት አምስት ቅጠል ተዉ። ሥሩን የነቀለ ሰው አንድ ጊዜ በላ፣ የቆረጠ ሰው እስከ ግንቦት ይበላል።

ክረምቱ

በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ 30 ላይ በሩን ዘግተን ሄድን። መስከረም ስንመለስ ሙጃው ከልጆቹ ቁመት በልጦ ነበር። መደቡ የት እንደነበረ ለማወቅ ገመድ ዘረጋን።

አሁን በሰኔ ሦስተኛ ሳምንት የተረፈውን ሁሉ እናነሣና በአራቱም መደብ ባቄላ እንዘራለን፤ በመስመር መካከል 40፣ በዘር መካከል 10 ሴንቲ ሜትር። ውኃ አይጠይቅም፣ ዝናቡ ይበቃዋል፤ አፈሩንም ናይትሮጅን ይመግበዋል። ውኃ የሚተኛበት መደብ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋልና መንገዱን ቦይ አድርጋችሁ መደቡን ከፍ አድርጉ። ሰው የሚያስፈልገው ለሁለት ቀን ብቻ ነው፦ አንዱ የአረም ደቦ በሐምሌ አጋማሽ፣ ሌላው ከፍልሰታ ጾም በፊት። ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይኑር። የክረምት በጎ ፈቃድ የሚሠሩ ወጣቶች በሰፈሩ ካሉ አንዱን ደቦ ለነሱ ስጡ፤ ከባቄላው አረሙን የሚለይ አንድ አዋቂ ግን አብሯቸው ይቁም። በእኛ ጋ አንዴ ባቄላውን አርመው ሙጃውን ትተውት ነበር፣ ግማሽ መደብ ሄደ።

ትምህርት ሲከፈት ባቄላው አብቦ ያገኙታል፤ ከመስቀል በኋላ ልጆቹ እሸቱን በዕረፍት ሰዓት እየፈለፈሉ ይበላሉ። ጋሼ ጥበቃው በሩ ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጡና «ገለባውን ብስባሹ ላይ!» እያሉ ይጮኻሉ። ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ቁልፎች ከኋላቸው ተንጠልጥለዋል፤ የጥቅምት ተራ ዝርዝርም በሩ ላይ ተለጥፏል።